የግል ደብዳቤ እንደ ታሪክ ምስክር፤ በቢጫ ወባ ምርመራ ታሪክ ላይ የቀረበ ሒስ

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው አባባል የጽሑፍን ክብር ከፍ አድርጎ ያሳያል። ይሁን እንጂ የተጻፈ ነገር ሁሉ አንድ ዐይነት ክብደት የለውም። የንጉሥ አዋጅ፣ የዳኛ ፍርድ፣ የገዳም መዝገብ ብዙ ሰው እንዲያያቸው ወይም እንዲሰማቸው የተጻፉ ናቸው። የግል ደብዳቤ ግን ለአንድ ሰው የሚጻፍ ነው፤ ጸሐፊውም ከዚያ ሰው በቀር ሌላ አንባቢ ይኖራል ብሎ አያስብም። የታሪክ መርማሪዎች ደብዳቤን አጥብቀው የሚወዱበት ምክንያት ይኸው ነው። አጥብቀው ሊጠነቀቁበት የሚገባቸውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህን ጉዳይ ለመመርመር ከሚያመቹ ምሳሌዎች አንዱ በኩባ ደሴት በ1900 በቢጫ ወባ ላይ የተደረገው ምርመራ ታሪክ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው የዘመን አቈጣጠር ሁሉ እንደ አውሮጳውያን ነው።) የዚህ ምርመራ ታሪክ በአብዛኛው የተሠራው ከግል ደብዳቤዎች ነው፤ ደብዳቤዎቹም ተሰብስበው በአንድ ቦታ ስለሚገኙ የተመራማሪውን ሥራ እጅግ አቅልለውለታል። ነገር ግን ስብስቡን ሳይለዩ እንደ አንድ ምስክር መቍጠር ወደ ስሕተት ይመራል። በውስጡ ያሉት ጽሑፎች ሁለት ዐይነት ናቸው፤ ከሁለቱም ውጭ የቀሩ፣ ምንም ያልጻፉ ሰዎች ደግሞ አሉ።

በመጀመሪያ የነገሩን አመጣጥ በአጭሩ መናገር ያስፈልጋል። የሃባናው ሐኪም ካርሎስ ፊንላይ ቢጫ ወባን ከሰው ወደ ሰው የምታስተላልፈው ትንኝ ናት የሚለውን አሳብ በ1881 ለሊቃውንት አቅርቦ ነበር፤ ዳሩ ግን ለሃያ ዓመት ያህል የሚቀበለው አላገኘም። በ1900 የአሜሪካ ጦር ሠራዊት አራት ሐኪሞች ያሉበትን ኮሚሲዮን ወደ ኩባ ላከ። እነርሱም ሻለቃ ዎልተር ሪድ፣ ጄምስ ካሮል፣ ጄሲ ላዚርና አሪስቲደስ አግራሞንቴ ነበሩ። ፊንላይ የትንኝ ዕንቍላል ሰጣቸው፤ ላዚርም ትንኞቹን አሳደገ። ሪድ ስለ ታይፎይድ ትኵሳት የጀመረውን ዘገባ ለመጨረስ ወደ ዋሺንግተን በሄደበት ጊዜ፣ በኦገስት 27 ቀን ካሮል በታመመ ሰው ደም የጠገበች ትንኝ እንድትነድፈው ፈቀደ፤ ታሞም ከሞት ተረፈ። ጥቂት ቀን ቈይቶ አንድ ወታደር በዚሁ መንገድ ተነድፎ ታመመ፤ እርሱም ዳነ። ላዚር ግን በሴፕቴምበር 18 ቀን ታመመና በ25ኛው ቀን ሞተ። ዕድሜው 34 ዓመት ነበር።

ሪድ በኦክቶበር ወደ ኩባ ተመልሶ የመጀመሪያውን ማስታወቂያ ጻፈ፤ በኖቬምበር 20 ቀንም በሟቹ ስም የተሰየመ፣ ካምፕ ላዚር የተባለ የሙከራ ሰፈር ተቋቋመ። በዚያም ሁለት ቤቶች ተሠሩ። በአንዱ ውስጥ ፈቃደኞች በቢጫ ወባ የሞቱና የታመሙ ሰዎች በተኙበት አንሶላና ልብስ ላይ ሃያ ሌሊት አደሩ፤ አንድም የታመመ አልነበረም። ሁለተኛው ቤት በሽቦ ወንፊት ለሁለት ተከፍሎ ነበር፤ ትንኞች ባሉበት ወገን የገባው ጆን ሞራን ታመመ፣ ትንኝ በሌለበት ወገን ያደሩት ግን ጤነኞች ሆነው ወጡ። በሽታው በልብስና በዕቃ ይተላለፋል የሚለው የቈየ እምነት በዚህ ወደቀ። ትንኟም ወዲያው አታስተላልፍም፤ ሕመምተኛውን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀኖች ነድፋ ዐሥራ ሁለት ቀን ያህል መቈየት እንዳለባት ታወቀ። በ1901 በሃባና ከተማ በትንኝ ላይ በተደረገው ዘመቻ ቢጫ ወባ ከከተማው ጠፋ።

የዚህን ሥራ ደብዳቤዎች የሰበሰበው ፊሊፕ ሄንች የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም ነው። ሄንች በኮርቲዞን ላይ ባደረገው ምርምር በ1950 የኖቤልን ሽልማት ከሁለት ሊቃውንት ጋር የተካፈለ ሰው ነው። ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ በሕይወት የተረፉትን የሙከራው ተካፋዮች፣ የሟቾችን ሚስቶችና ልጆች፣ በወቅቱ በኩባ የነበሩትን መኰንኖች እየፈለገ ጻፈላቸው፤ መልሳቸውንም ከጥንቶቹ ደብዳቤዎች፣ ከፎቶግራፎችና ከመዝገቦች ጋር አከማቸ። በ1965 በሞተ ጊዜ ባለቤቱ ስብስቡን ሪድ ለተማረበት ለቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ሰጠች። ዛሬ ማንኛውም ተመራማሪ ብዙውን ክፍል በቀላሉ ሊያነብ ይችላል። ሄንች ባይደክም ኖሮ ከእነዚህ ወረቀቶች አያሌዎቹ በየቤቱ ሣጥን ውስጥ በጠፉ ነበር። ስለዚህ ከዚህ በታች የሚቀርበው ሒስ የሰብሳቢውን ውለታ የሚክድ አይደለም፤ የስብስቡን አነባበብ የሚመለከት ነው።

በስብስቡ ውስጥ ያለው የመጀመሪያው ዐይነት ጽሑፍ በ1900 በዚያው በሥራው ጊዜ የተጻፈው ደብዳቤ ነው። ጥቅሙ የነገሩ መጨረሻ ሳይታወቅ የተጻፈ መሆኑ ነው። ላዚር በሴፕቴምበር 8 ቀን ለባለቤቱ ሲጽፍ የእውነተኛውን ጀርም ዱካ ያገኘ እንደሚመስለው፣ ነገር ግን ገና ለማንም ፍንጭ እንኳ መስጠት እንደማይገባ፣ እርሱም ለአንድ ሰው ስንኳ እንዳልተናገረ ገለጸላት። ይህን በጻፈ በዐሥራ ሰባተኛው ቀን አረፈ። ያን ሰሞን የተወለደችለትን ሴት ልጁን ሳያያት ቀረ።

ይህ ደብዳቤ የሚያሳዝን በመሆኑ ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል፤ ነገር ግን ከኀዘኑ ይልቅ የምስክርነቱ ጥቅም ይበልጣል። የኮሚሲዮኑ ዘገባ ላዚር በሴፕቴምበር 13 ቀን በላስ አኒማስ ሆስፒታል የሕመምተኞችን ደም ሲቀዳ አንዲት ትንኝ በእጁ ላይ እንዳረፈችና እርሱም እስክትጠግብ እንደተዋት ይናገራል። እንደዚህ ከሆነ ነገሩ በሙከራና በአጋጣሚ መካከል የሚቀር ይሆናል። ብዙ ተመራማሪዎች ግን ላዚር ራሱን ሆነ ብሎ ለሙከራ ሳያቀርብ አልቀረም ብለው ይጠረጥራሉ። የሴፕቴምበር 8 ቀኑ ደብዳቤ በዚህ ክርክር ውስጥ የሚሰጠው አንድ የተረጋገጠ ነገር ነው፤ ይኸውም ላዚር ከተነደፈበት ቀን አምስት ቀን አስቀድሞ ትንኝ ምን ልታደርግ እንደምትችል ያምን የነበረ መሆኑን ነው። ካሮልና ወታደሩ በዐይኑ ፊት ታመዋል። እንግዲህ በእጁ ላይ ያረፈችውን ትንኝ እንደ ቀላል ነገር ተዋት ማለት አይቻልም። ሆኖም ደብዳቤው ከዚህ አያልፍም፤ ሆነ ብሎ አደረገው ወይስ ዕድሉን ጠበቀ የሚለውን አይፈታም። ተመራማሪው ምስክሩ በቆመበት ሊቆም ይገባዋል።

ደግሞም በደብዳቤው ያለው ቃል ሁሉ እንደ መሐላ ቃል አይወሰድም። ለአንድ ሰው ስንኳ አልተናገርሁም የሚለው አነጋገር በቀጥታ ቢተረጐም ከእውነቱ ጋር ይጋጫል፤ ካሮል የተነደፈው በላዚር እጅ ነው፣ አግራሞንቴም በ1915 ባሳተመው ታሪክ ሦስቱ ባልደረቦች ስለዚሁ ነገር እንደተነጋገሩ ጽፏል። የላዚር ቃል የባል ቃል ነው፤ ምስጢሩን ላንቺ ብቻ ነገርሁሽ ማለቱ ነው። የአማርኛን ደብዳቤ ልማድ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። «ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል፤ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ» ብሎ የሚጀምር ደብዳቤ ጸሐፊው በዚያ ቀን ጤነኛ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። በአልጋ ላይ ያለ ሰውም እንዲሁ ብሎ ይጽፋል። የደብዳቤን ወግ ከደብዳቤ ምስክርነት መለየት የመጀመሪያው ሥራ ነው።

የሪድ ደብዳቤዎችም እንደዚሁ በሁለት ወገን ይነበባሉ። በዲሴምበር 1900 የመጀመሪያው ሙከራ በተሳካ ጊዜ ለባለቤቱ በጻፈላት ውስጥ ደስታውን አልሸሸገም፤ ሥራውን በዘመኑ ከተገኙት ከታላላቆቹ የሕክምና ግኝቶች ጎን አስቀመጠው። በዚያው ወር ስለ ፊንላይ ሲጽፍ አሳቡ የፊንላይ እንደ ነበረና ምስጋና እንደሚገባው አምኖ፣ ወዲያው ደግሞ ፊንላይ ስላላረጋገጠው ማንም እንዳልተቀበለው ያክልበታል። ለአደባባይ በተጻፈው ጽሑፍ የፊንላይ ስም በክብር ተጠቅሷል፤ በቤት ደብዳቤ ውስጥ ግን ምስጋናውና ቅነሳው በአንድ ትንፋሽ ሲወጡ ይሰማል። ኩባውያንና አሜሪካውያን «የግኝቱ ባለቤት ማን ነው?» ብለው ለብዙ ዘመን የተከራከሩበት ነገር ሥሩ እዚህ ላይ ይታያል። ይህን የመሰለ ነገር ከታተመ ዘገባ አይገኝም።

ሁለተኛው ዐይነት ጽሑፍ ሄንች በጠየቀ ጊዜ የተሰጠው መልስ ነው። ይህም ከዚያ በፊት የነበረውን ሁሉ የሚመስል ወረቀት ነው፤ ቀን አለው፣ ፊርማ አለው፣ ለአንድ ሰው የተጻፈ ነው። በባሕርዩ ግን ፈጽሞ የተለየ ነው። ጸሐፊዎቹ የሚናገሩት ከአርባ ዓመት በኋላ ነው። ወጣት ወታደሮች የነበሩት ሸምግለዋል። በዚህ መካከል የሪድን ሥራ የሚያወሳ መጽሐፍ በ1926 በፖል ደ ክራይፍ ተጽፎ በብዙ እጅ ገብቷል፤ በ1929 የአሜሪካ ምክር ቤት ለፈቃደኞቹ የወርቅ ሜዳሊያና ጡረታ ወስኗል፤ በ1934 «የሎው ጃክ» የተባለ ቲያትር ታይቷል፤ በ1938ም ፊልም ሆኗል። እንግዲህ አንድ ሽማግሌ በ1940 ያ ምሽት እንዴት ነበር ተብሎ ሲጠየቅ ትዝታው ከመጽሐፉ፣ ከሜዳሊያውና ከመድረኩ ተለይቶ ይመጣል ማለት አይቻልም። ሐሰት ይናገራል ማለት ሳይሆን፣ ብዙ ጊዜ የተነገረ ታሪክ የባለቤቱን ትዝታ ራሱን መልሶ ይሠራዋል ማለት ነው።

የጠያቂውም አሳብ አለበት። ሄንች የሪድንና የላዚርን ሥራ እጅግ የሚያከብር ሰው ነበር፤ ይህንም አልሸሸገም። አክባሪ ጠያቂ የሚያከብረውን እንዲሰማ ይጠይቃል፤ ተጠያቂውም ይህን ሲያውቅ መልሱን ወደዚያ ያዘነብላል። በገጠር እየዞረ የሽማግሌዎችን ቃል የሚመዘግብ የኢትኖሎጂ ተማሪ ይህን በተግባር ያውቀዋል። ባላባቱን ስለ አባቱ ጀግንነት የጠየቀ ስለ አባቱ ጀግንነት ይሰማል። ስለዚህ የሄንች መልሶች በደብዳቤ መልክ ይምጡ እንጂ በዐይነታቸው ቃላዊ ትውፊት ናቸው፤ ሊመረመሩ የሚገባቸውም በቃላዊ ትውፊት ሕግ ነው። ጠያቂው ማን ነበር? ጥያቄው እንዴት ቀረበ? ነጋሪው ከዚህ በፊት ታሪኩን ስንት ጊዜና ለማን ተናግሯል? ሄንች የራሱን ጥያቄዎች ግልባጭ ማስቀመጡ በዚህ ረገድ ትልቅ ዋጋ አለው፤ መልሱን የሚጠቅሱ ጸሐፊዎች ግን ጥያቄውን አብረው ሲጠቅሱ አይታዩም። ዋናው ጉድለት ይህ ነው።

ይህ ሲባል ሁለተኛው ዐይነት ጽሑፍ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ዋጋው በአሳብና በስሜት ላይ ሳይሆን በቦታና በቁሳቁስ ላይ ይበረታል። በ1940 ሄንች ከሞራን ጋር ሆኖ የካምፕ ላዚርን ስፍራ ፈልጎ፣ የመጀመሪያው የሙከራ ቤት ገና ቆሞ እንደሚገኝ አረጋገጠ፤ በ1952ም ስፍራው በኩባ መንግሥት የመታሰቢያ ቦታ ሆነ። እንጨትና ሚስማር የሽማግሌን ትዝታ ሊመሰክሩለት ወይም ሊያስተባብሉት ይችላሉ። ጀግንነትን የሚመለከት ትዝታ ግን እንዲህ ያለ ዳኛ የለውም።

ከሁለቱም ዐይነት ጽሑፍ ውጭ የቀሩት ሰዎች ጉዳይ ከሁሉ ይከብዳል። በካምፕ ላዚር ራሳቸውን ለሙከራ ከሰጡት መካከል ከስፔን በቅርቡ የመጡ ስደተኛ ሠራተኞች ነበሩ። ከእነርሱ ጋር በስፓኝኛና በእንግሊዝኛ የጽሑፍ ውል ተደርጎ ነበር። ውሉ ሕይወታቸውን ለአደጋ እንደሚያጋልጡ ይገልጻል፤ በደሴቱ እስካሉ ድረስ በሽታው ሊይዛቸው ስለሚችል ጥሩ ሕክምና በሚገኝበት ቢታመሙ እንደሚመርጡ ያስነግራቸዋል፤ 100 ዶላር በወርቅ፣ ከታመሙም ሌላ 100 ዶላር እንደሚከፈላቸው ይወስናል። ከሰፈሩ ያለ ፈቃድ የወጣ ገንዘቡን ያጣል። ይህ ወረቀት በሰው ላይ ለሚደረግ ምርመራ በጽሑፍ ፈቃድ ከተጠየቀባቸው ቀደምት ሰነዶች አንዱ በመሆኑ የሕክምና ሥነ ምግባር ሊቃውንት ያከብሩታል፤ ሊከበርም የሚገባው ነው። ነገር ግን የውሉ ቃል የሠራተኞቹ ቃል አይደለም። «እመርጣለሁ» የሚለውን ግስ የጻፈላቸው ሌላ ሰው ነው። በደብዳቤ ጸሐፊ እጅ የሚጻፍ ማመልከቻ ባለበት አገር የኖረ ሁሉ፣ በባለጉዳዩ ልብና በወረቀቱ ቃል መካከል ምን ያህል ርቀት ሊኖር እንደሚችል ያውቃል።

እነዚህ ሰዎች ስለ ሙከራው ለቤተ ሰባቸው የጻፉት ደብዳቤ የታሪኩ አካል ሆኖ አልመጣም። የ1929ኙ ሕግም የክብር መዝገቡን ለአሜሪካውያኑ ሲከፍት ስማቸውን አላስገባም። ድምፃቸው የሚሰማው በአንድ ቦታ ነው፤ እርሱም በሌላ ሰው አንደበት። ሪድ በ1901 ባቀረበው ንግግር፣ ባልንጀሮቻቸው እየታመሙ ሲወሰዱ ያዩ አንዳንድ ስፔናውያን ለሳይንስ እድገት የነበራቸው ፍቅር በድንገት ጠፍቶ ሰፈሩን ጥለው እንደ ሄዱ በቀልድ ይናገራል፤ አክሎም ፍርዳቸው ትክክለኛ እንደ ነበረ ያምናል። እነዚያ ሰዎች ያላቸውን አስተያየት በእግራቸው ጻፉት። ስለ ፈቃድና ስለ ፍርሃት የሚመረምር ታሪክ ጸሐፊ ከብዙ የሜዳሊያ ደብዳቤዎች ይልቅ በዚህ አንድ ዐረፍተ ነገር ላይ ሊቈይ ይገባዋል።

ይህ ጥያቄ የሩቅ አገር ጥያቄ ብቻ አይደለም። ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በኦሞ ሸለቆና በአካባቢው በአፍሪካ ከተመዘገቡት ሁሉ እጅግ የከፋው የቢጫ ወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር። ወደ 100,000 ሰው እንደታመመና 30,000 ያህል እንደሞተ ይገመታል። ይህን የሚነግሩን የሐኪሞችና የትንኝ ተመራማሪዎች ዘገባዎች ናቸው። ዘገባዎቹ ብዙ ነገር አስተምረዋል፤ ለምሳሌ በእንሰት ቅጠል ብብት ውስጥ በሚጠራቀመው ውሃ የምትራባ የትንኝ ዐይነት በበሽታው መዛመት ታላቅ ድርሻ እንደነበራት አሳይተዋል። የሰው ምግብና የሰው ሞት በአንድ ጓሮ ውስጥ ጎረቤት ሆነው ነበር። ሆኖም በዚያ ጊዜ ሚስቱን የቀበረ ገበሬ ለማን ምን ጻፈ? አልጻፈም። የኦሞ ወረርሽኝ የላዚር ደብዳቤ የለውም።

እንግዲህ የደብዳቤ ታሪክ ብቻ ታሪክ ከሆነ፣ በኩባ የሞተው አንድ ሐኪም ከኦሞ 30,000 ሙታን ይልቅ ለዘላለም ታውቆ ይኖራል። ይህ ደግሞ የሐኪሙ ጥፋት አይደለም፤ የመርማሪው ነው። በደቡብ ምዕራብ ያለው ምስክር በሽማግሌዎችና በአሮጊቶች ቃል፣ በለቅሶ ግጥም፣ በባድማ ስም፣ በትውልድ ቈጠራ ውስጥ ሊፈለግ ይገባዋል። ሲፈለግም ጥንቃቄ ያሻል። «ቢጫ ወባ» የሚለው ስም የጤና መሥሪያ ቤት ስም ነው፤ በዚህ ስም የጠየቀ ሰው ስለ ተራው ወባ ሊመለስለት ይችላል። ዐይንን ቢጫ የሚያደርገውን ሕመም የአማርኛ ተናጋሪው «የወፍ በሽታ» ይለዋል፤ በየቋንቋው ያለው ስም ግን ሌላ ነው፤ መጠይቁም ከዚያ መነሣት አለበት። ሄንች በኩባ ሽማግሌዎች ላይ የደረሰበት ችግር ሁሉ እዚህም ይደርሳል፤ ከዚያን ጊዜ ወዲህ የክትባት ዘመቻዎች ተደርገዋል፤ በሽታውም በ2013 በደቡብ ኦሞ፣ በ2020 በጉራጌ እንደገና ስለታየ የቀድሞው ትዝታ ከአዲሱ ትምህርት ጋር ተቀላቅሎ ሊቀርብ ይችላል። የጠያቂውን ጥያቄ አብሮ መመዝገብ ስለዚህ ግዴታ ነው። ጊዜውም አጭር ነው፤ ያን ወረርሽኝ በዐዋቂነት ያዩት ሰዎች ዛሬ በጣም አርጅተዋል።

የቢጫ ወባ ሙከራ ደብዳቤዎች ለተማሪ የሚሰጡት ትምህርት በዚህ ሊጠቃለል ይችላል። የጊዜው ደብዳቤ ጸሐፊው በዚያ ቀን ምን ያምን እንደ ነበር ይመሰክራል፤ ከዚያ ወዲያ አይጠየቅም። ተጠይቆ የተጻፈ ደብዳቤ የትውፊት ልጅ ነውና ከጥያቄው ጋር ይነበብ። ውልና መዝገብ ስለ ጸሐፊው እንጂ ስለ ፈራሚው ልብ አይናገሩም። ያልጻፈውም ሰው ከታሪክ ውጭ አይደለም፤ ምስክሩ በሌላ ቦታ ተቀምጧልና ሄዶ የሚሰማው ይፈልጋል። ሄንች የጽሑፍ ሰዎችን ቃል ከመጥፋት አድኗል። በቃል ያለው እንዳይረሳ ማድረግ ግን የኢትኖሎጂ ሰዎች ድርሻ ነው።